ከመስቀል ማግስት ለአራት ቀን ወደ ባሌ ተራሮች፦ ከየት እንጀምር?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መስቀልን እዚሁ ሐዋሳ ከቤተሰብ ጋር አክብረን በማግስቱ ወደ ተራራ ልንወጣ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴና ታናሽ ወንድሜ ነን። ያገኘነው ፈቃድ አራት ቀን ብቻ ነው። መኪና የለንም። ታቦርና አላሙራ ላይ ብዙ ጊዜ ወጥተናል፣ ከዚያ በላይ ግን ከፍታ አናውቅም።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አደይ አበባው ሳይረግፍ ደጋውን ማየት፣ በእግር መሄድ፣ ከተገኘ ደግሞ ቀይ ቀበሮን በዓይናችን ማየት። ችግሩ ሦስታችን ሦስት ሐሳብ መያዛችን ነው። ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ላይ ካልቆምኩ ብሏል። ባለቤቴ ዶዶላ ላይ ፈረስ ተከራይተን ጫካ ለጫካ እንሂድ ይላል። እኔ ዲንሾ ላይ ተረጋግተን ብንቆይ ነው የምወደው። የምታውቁ ምከሩን። ዝናቡስ እስከዚያ ያቆማል?

ጥቁር ውሃ፦
አቦ፣ ምርጥ ነገር አስባችኋል! የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ የውጭ ሰው ሁሉ ስለሱ ያወራል። እኛ ደግሞ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ተቀምጠን አናየውም። የሳነቴን አምባ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ሌላው እንደሁኔታው ይታያል።

የሮቤ ልጅ፦
ሮቤ ነው ያደግኩት፣ አሁን ሐዋሳ እሠራለሁ። ከዝናቡ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አያቆምም። በሰሜኑ በኩል መስቀል ሲደርስ ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱም መድረቅ ይጀምራል። የባሌ ደጋ ግን ሌላ ነው። ዝናቡ መጋቢት ላይ ጀምሮ፣ መሃል ላይ ጋብ እያለ፣ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። እርግጠኛ የደረቅ ወቅት የምንለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ነው። ስለዚህ እናንተ የምትሄዱበት ሳምንት ዝናብ ይኖራል ብላችሁ ተነሱ።

አትሂዱ ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ምድሩ የዚያን ጊዜን ያህል የሚያምርበት ወር የለም። ከኮፈሌ እስከ አዳባ ገብሱና ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው። የእርሻው ዳር ዳር በአደይ አበባ ቢጫ ብሏል። ፈረሰኛው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመንገዱ ዳር ያልፋል። በበጋ የመጣ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ያኔ ሁሉም ነገር ወደ ቡናማ ተለውጧል።

ማወቅ ያለባችሁ የቀኑን ጠባይ ነው። ብዙውን ጊዜ ጠዋቱ ጥርት ያለ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይወርድና ካፊያው ይጀምራል፣ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቅላል። ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ እስከ ሰባት ሰዓት የእግር ጉዞውን ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ሻይ እየጠጡ እሳት ዳር መቀመጥ ነው። አረፋፍዶ ቁርስ በልቶ በአራት ሰዓት የሚነሳ ሰው ጉም ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ሌላው፣ ወብ ሸለቆን ለዚህ ጉዞ ተዉት። ቦታው ግሩም ነው። ግን መንገዱ በዚህ ወር ማጥ ነው። ጠንካራ መኪና እንኳ ይያዛል፣ ወንዙም ይሞላል። ለእሱ በጥር ተመለሱ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ለዓመታት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ስለ ወንድምሽ ሐሳብ አንድ ነገር ልበል።

ሐዋሳ የምትገኘው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዲንሾ 3,100 ይጠጋል። የሳነቴ አምባ 4,000 ላይ የተዘረጋ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው። ጠዋት ከሐይቁ ዳር ተነስቶ በዚያው ቀን እዚያ መቆም ማለት ከ2,600 ሜትር በላይ በአንድ ቀን መውጣት ነው። ወጣትነት እዚህ ላይ አያድንም። ስፖርተኛ ነኝ የሚለው ልጅ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ፣ እናቱ ደህና ሆና ስትሄድ አይቻለሁ።

ብርዱንም አስቡት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። እዚህ 25 ዲግሪ ሲሆን ሳነቴ ላይ 10 ገደማ ነው ማለት ነው። ያውም ነፋሱን ሳንቆጥር። ሌሊቱማ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

እኔ ብሆን እንዲህ እሄዳለሁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ዶዶላ ማደር። ዶዶላ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ለሰውነት ጥሩ መሰላል ትሆናለች። ሁለተኛዋን ሌሊት ዲንሾ። በሦስተኛው ቀን ጎባ ደርሶ፣ በመኪና ሳነቴ ላይ ወጥቶ፣ ቱሉ ዲምቱን አይቶ፣ ለማደር ወደ ጎባ መመለስ። ጎባ ከዲንሾ ዝቅ ትላለች፣ እንቅልፍ ትሰጣችኋለች። በአራተኛው ቀን ወደ ቤት። ወንድምሽም ተራራውን አላጣም፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚታገሠው።

ሐይቅ ዳር፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለወንድሜ አነበብኩለት። «እሺ፣ ግን ቱሉ ዲምቱ ከዕቅዱ እንዳይወጣ» ብሏል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሳነቴ ላይ በእግር መውጣት አይቻልም? በመኪና ወጥቶ በመኪና መውረድ ትንሽ ቅር ይላል።

ጡረተኛው መምህር፦
ይቻላል፣ ግን ለእሱ ድንኳን፣ ፈረስና ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጋሉ። እናንተ መኪናውን እላይ አቁማችሁ ከአስጎብኚ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል አምባው ላይ ተራመዱ። በዚያ ከፍታ ሁለት ሰዓት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አለ፤ የመጨረሻዋን ዳገት ግን በእግር መጨረስ ትችላላችሁ።

ነጭ ጋውን፦
የጤና ባለሙያ ነኝ። ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ ምልክቶቹን ልጨምር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት፤ እነዚህ ከፍታው እንዳልተስማማችሁ ይናገራሉ። ያን ጊዜ ወደ ላይ መቀጠል የለም። አርፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ካልተሻለ ውረዱ። ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። ወዲያው ወደ ታች ነው፣ በሌሊትም ቢሆን። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አለ።

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያማክር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች አረቄም ቢራም ይቅር። ብርዱን ያባርራል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ እንዲያጣ ነው የሚያደርገው።

ፀሐዩንም አትናቁት። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይሰማችሁም እንጂ ፊት ይልጣል። ባርኔጣና ለከንፈር ቫዝሊን ያዙ።

ቡርሳሜ፦
እኔ ልቃወም። ለአራት ቀን ያን ሁሉ መንገድ ከመቁጠር ለምን እዚሁ አጠገባችን ያለውን ደጋ አታዩም? በይርጋለም፣ በአለታ ወንዶ አድርጋችሁ ሀገረ ሰላም ውጡ። ሁላ ውስጥ የቀርከሃውን ጫካ፣ የእንሰቱን ጓሮ ታገኛላችሁ። አርቤጎና ላይ ጋራምባ ተራራ አለ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ማታ ከእንሰት የሚሠራው ትኩስ ቡርሳሜ በቅቤ ቀርቦላችሁ ትበላላችሁ። ሰው ሁሉ ባሌ ባሌ ይላል፣ የሲዳማን ደጋ የሚጠይቅ የለም። ይህ ያሳዝነኛል።

የሮቤ ልጅ፦
ቡርሳሜ፣ እውነትህን ነው። ሁላን አይቻለሁ፣ እጅግ ያምራል። ግን ሰዎቹ ቀይ ቀበሮ ማየት ይፈልጋሉ። ለእሱ ባሌ ነው። ሁላን ለሌላ ቅዳሜና እሑድ ያድርጉት።

እናትና ልጆች ላሉት ደግሞ ወንዶ ገነት በቂ ነው ባይ ነኝ። ጠዋት ጫካው ውስጥ ጉሬዛ እያዩ መራመድ፣ ከሰዓት ፍል ውሃ። ማታ ቤት መግባት ይቻላል።

መገንጠያ፦
ስለ ትራንስፖርት። ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ ሞልቷል። ከሻሸመኔ መናኸሪያ የዶዶላና የሮቤ መኪና ታገኛላችሁ። ዶዶላ ከሻሸመኔ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዶዶላ አዳባ፣ ከአዳባ ዲንሾ፣ ከዲንሾ ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ እያላችሁ በአጭር በአጭሩ መሄድ ይቻላል። መንገዱ አስፋልት ነው።

የመስቀል ማግስት ግን ሰው ሁሉ ከዘመድ የሚመለስበት ቀን ነው። መኪና ይጠፋል፣ ታሪፉም በቃል ይጨምራል። ማልዳችሁ 12 ሰዓት መናኸሪያ ተገኙ። ኢሬቻም በዚያው ሰሞን ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ መናኸሪያ ውስጥ ሾፌሮቹን ጠይቁ። እነሱ የዛሬውን ያውቃሉ።

ወደ ሳነቴ መኪና ስትይዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ተነጋገሩ። እኛን አንድ ባለመኪና አምባው ላይ አድርሶን፣ «የተስማማነው ለመድረስ ነው፣ ለመቆም አይደለም» ብሎ ሌላ ብር ጠየቀን። ብርድ ላይ ቆመህ ምን ትከራከራለህ? ስለዚህ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ቦታ ትቆማላችሁ፣ ነዳጁ በማን ነው፤ ይህን ሁሉ ጎባ ላይ ጨርሱ።

ሐይቅ ዳር፦
ይህን ባታነሳው ኖሮ እኛም ለመድረስ ብቻ ነበር የምንደራደረው። አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ሶፍ ዑመር ዋሻንስ?» ብሏል፣ ከሮቤ ሩቅ አይደለም ብሎ።

የሮቤ ልጅ፦
በፍጹም። ዋሻው ውስጥ የሚያልፈው ወይብ ወንዝ ነው፣ በዝናብ ወቅት ይሞላል። ያኔ ውስጡን መዞር አይቻልም። ሶፍ ዑመር የበጋ ቦታ ነው። ደግሞም ሙሉ ቀን ይበላባችኋል።

ዶዶላ ላይ ፈረስ ያለውን ግን እደግፋለሁ። የዶዶላና የአዳባ ገበሬዎች ጫካውን እየጠበቁ እንግዳ የሚያስተናግዱበት አሠራር የቆየ ነው። እላይ ጫካው ውስጥ ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾ፣ ዱሮ በሚባሉ ቦታዎች ማደሪያ ጎጆዎች ተሠርተዋል። ከጎጆ ጎጆ በፈረስም በእግርም ይኬዳል። እናንተ ለዚህ ቀን አይበቃችሁም። ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ግማሽ ቀን ጠይቁ። የአበሻ ጽዱን ጫካ እስክታልፉና የአስታው ቁጥቋጦ እስኪጀምር ብትወጡ እንኳ ይበቃል። ጎጆዎቹ ውስጥ ማደር የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ደውሎ የትኛው ክፍት እንደሆነ ይጠይቅ።

የታቦር ሯጭ፦
እኔም ከዚህ ቡድን ጋር ብቀላቀል ደስ ይለኛል። ውሻዬን ይዤ ብመጣ ችግር አለው? ረጅም መንገድ የለመደ ነው።

ጓሳ ሣር፦
ወንድሜ፣ እባክህ ውሻህን ሐዋሳ ተወው። ይህን አጥብቄ ነው የምልህ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ነው። ትልቁ ጠላታቸው ጥይት አይደለም፣ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች የውሻ በሽታዎች ከውሻ ወደ እነሱ ይተላለፋሉ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ወብ ሸለቆ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ እዚያ ከነበሩት ሦስት አራተኛውን ያህል ጨርሷል። ስለዚህ ነው በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የመንደር ውሾች ክትባት የሚወስዱት። ያንተ ውሻ ጤነኛ ይሆናል፣ ተከትቦም ይሆናል። ግን እዚያ ቦታ የለውም።

አሁን ደግሞ ስለ ማየት ልንገራችሁ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በመንጋ ነው፣ የሚያድነው ግን ለየብቻው ነው። ያውም በቀን። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ እነሱ የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ስለሆነ እሱም ያኔ ይወጣል። ስለዚህ ሳነቴ ላይ እንደደረሳችሁ ለመንጋ አትፈልጉ። ረጅም እግር ያለው፣ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር የሆነ አንድ እንስሳ ብቻውን ቀስ ብሎ ሲሄድ ታያላችሁ። ድንገት ይቆማል። ጆሮውን ወደ መሬት ያዘነብላል። ከዚያ ሆዱ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ ብሎ ይሳባል። ያን ጊዜ መኪናውን አጥፉ፣ በር አትክፈቱ፣ አትከተሉት። እናንተ ዝም ካላችሁ እሱ ሥራውን ይቀጥላል።

እሱን ስትጠብቁ እግራችሁ ስር ያለውንም እዩ። ባሌ ላይ ብቻ የሚገኝ ትልቅ ፍልፈል አለ። መሬቱ በጉድጓዱ ተበሳስቷል። አንዱ ጉድጓድ አጠገብ ርቃችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ አፈር ይወጣል። ቀጥሎ ሰፋ ያለ ራስ ብቅ ይላል፣ ጥርሱ ረጅም ነው። ዓይኑ ራሱ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ብዙም ሳይወጣ ዙሪያውን ያያል። የደረሰበትን ሣር ሁሉ በአፉ ጨምድዶ ወደ ኋላው ይገባና ጉድጓዱን ይደፍነዋል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ትቆማለች። እሱ አፈሩን ሲቆፍር የሚወጣውን ትል ትለቅማለች። እኔ ከጅብራው ተክል ሁሉ ይልቅ ይህን ማየት ነው የምወደው። ጅብራውማ የትም አይሄድም፣ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ በጉሙ ውስጥ ተገትሮ ታገኙታላችሁ።

የታቦር ሯጭ፦
ገባኝ። ውሻው እናቴ ጋር ይቆያል። እኔ ግን እመጣለሁ።

ጓሳ ሣር፦
ተባረክ። ዲንሾ ላይ ደግሞ ጋይሳይን እንዳትዘሉ። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው ሜዳ ነው። ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ደጋ አጋዘን በብዛት የሚታየው እዚያ ነው። እሱም የኛ ብቻ ነው፣ ሌላ አገር የለም። በዋናው ጽሕፈት ቤት ግቢ ጫካ ውስጥም ከኮሶው ዛፍ ስር ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የመግቢያ ክፍያውን እዚያው ጽሕፈት ቤት ትከፍላላችሁ፣ አስጎብኚም እዚያው ይመደብላችኋል። ዋጋ አልጽፍላችሁም፣ ይቀያየራል። ደረሰኙን ግን ያዙት፣ ሳነቴ ስትወጡ ይጠየቃል።

ሐይቅ ዳር፦
እሺ፣ ቤት ውስጥ ተስማምተናል። አራት ሆነናል። የመስቀል ማግስት 12 ሰዓት ከሐዋሳ፣ ረፋድ ላይ ዶዶላ። ከሰዓት እንደ አየሩ ሁኔታ ግማሽ ቀን በፈረስ፣ ዶዶላ አዳር። በማግስቱ በማለዳ ዲንሾ፣ ግቢውን በእግር፣ አመሻሽ ላይ ጋይሳይ፣ አዳር ዲንሾ። በሦስተኛው ቀን በሌሊት ተነስተን ጎባ፣ ከጎባ ሳነቴና ቱሉ ዲምቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ጎባ። በአራተኛው ቀን ቤት። አንዳችን ራሳችንን ካመመን ሳነቴ ይቀራል፣ ወንድሜም በዚህ ተስማምቷል። በመኪናው ውል ላይ የመቆሚያ ሰዓቱን አጽፋለሁ።

የቀረኝ ዕቃ ነው። የተራራ ጫማም ወፍራም ጃኬትም የለንም። አዲስ ልግዛ ብል አቅሜ አይችልም።

ቡርሳሜ፦
ሐሳቤን ባትቀበሉም ልርዳችሁ። ሰልባጅ ገበያ ሂዱ። ጥሩ የዝናብ ጃኬትና ወፍራም ሹራብ እዚያ ይገኛል። ጃኬቱን ስትገዙ ውስጡን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ፤ ስፌቱ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ከተላጠ ውሃ ያስገባል። ጂንስ አትልበሱ፣ አንዴ ከራሰ በዚያ አገር አይደርቅም። ለጭቃው ቦቲ ይሻላል፣ በወፍራም ካልሲ። ለሊት ጋቢ አይበቃም፣ ቡልኮ ያዙ።

የሮቤ ልጅ፦
በዚያ ላይ ልብሳችሁን በየዓይነቱ በፌስታል ቋጥራችሁ ነው ቦርሳ ውስጥ የምትከቱት። አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስና ካልሲ ለማታ ብቻ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል፣ ስልካችሁን ደረት ኪስ ውስጥ ያዙ። ገንዘብ በጥሬው ያዙ፣ ዲንሾ ትንሽ ከተማ ናት፣ ኔትወርኩም አያስተማምንም። ለስንቅ በሶ ወይም ጩኮ። ጩኮ ዶዶላ ገበያ ታገኛላችሁ፣ የተቆላ ገብስ በቅቤ ነው፤ ጭብጥ የምታክል በልታችሁ እስከ ምሳ ትሄዳላችሁ።

ሐይቅ ዳር፦
ነገ ከሥራ ስወጣ ሰልባጅ ገበያ እሄዳለሁ። የታቦር ሯጭ፣ የጫማ ቁጥርህን በውስጥ መልእክት ላክልኝ፣ ለአራታችንም ቦቲ አንድ ላይ ስንገዛ ዋጋ ይቀንሱልናል። ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁልጊዜ ማታ ታቦር ላይ እየወጣን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ጎበዝ። ስትወጡ ቦርሳችሁን ሞልታችሁ ውጡ፣ ባዶ እጅ አይሁን። ስትደርሱም ዲንሾ ላይ የዝናቡ ነገር እንዴት እንደሆነ ጻፉልን፤ ከናንተ በኋላ የሚሄዱ አሉ።